መሪነቱ የሚዞርበት ቡድን፦ የኢሊኖይ የንባብ ሙከራና የእኛ አንድ ለአምስት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ተማሪ አለ። ምንባቡን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ብዙ አይሳሳትም። ከምንባቡ ሥር ያሉትን ጥያቄዎችም ቢሆን በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል በምንባቡ ውስጥ አድኖ፣ ቃሉ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጦ ይመልሳል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆናል። መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበው ስለ ምን እንደሆነ በራሱ አነጋገር፣ በአማርኛም ቢሆን፣ እንዲናገር ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገው የዚህ ተማሪ ችግር በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም፣ የጂኦግራፊውም መጽሐፍ በዚያው ልክ ይዘጋበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃትና ስለ ትምህርት ቤቶች አቅም ብዙ ተብሏል። ተማሪው የፈተናውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት እንዳለበት ግን የሚገባውን ያህል አልተነሳም ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው ከሚጠቀሱት አንዱ የቡድን ትምህርት ነው። "አንድ ለአምስት" የሚባለው አደረጃጀት በትምህርት ቤቶቻችን ከተዘረጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በውጤቱ የተሻለው ተማሪ መሪ ይሆናል፣ አምስት ጓደኞቹ በዙሪያው ይቀመጣሉ፣ ደከም ያሉትን እንዲደግፍም ይጠበቃል። አደረጃጀቱን በጅምላ ለማውገዝ አልተነሳሁም፤ የሒሳብ ጥያቄ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ለማሳየት ሲጠቅም አይቻለሁ። እንግሊዝኛ ምንባብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። መሪው ያነባል፣ መሪው ይመልሳል፣ የቀሩት ይጽፋሉ። ቃል አድኖ የመገልበጡ ልማድ ከመጽሐፉ ወደ ጓደኛ ደብተር ተዛወረ እንጂ የአምስቱ ልጆች አንብቦ የመረዳት ችሎታ ባለበት ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተማሪዎች በቡድን ቢማሩ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ሳይሆን በቡድኑ ውስጥ ማን ምን ይሠራል የሚለው ይመስለኛል። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው ሁሉ ግልጽ መልስ ያገኘሁት አን ማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን በአሜሪካ ኢሊኖይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ ውስጥ ነው። ዘዴው በተለምዶ የተገላቢጦሽ ማስተማር ይባላል። ሥራው አርባ ዓመት ያለፈው ቢሆንም ከኋላው የመጡት በርካታ የቡድን ንባብ ዘዴዎች የተቀዱት ከእርሱ ስለሆነ እንደ አንድ ጉዳይ በዝርዝር መመልከቱ ተገቢ ነው።

ልጆቹና ችግራቸው

ፓሊንክሳር ወደ ምርምር ከመግባታቸው በፊት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ነበሩ፤ ሥራውን የጀመሩትም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ ነው። እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ብራውን ደግሞ ልጆች ማወቃቸውንና አለማወቃቸውን ራሳቸው እንዴት እንደሚለዩ ለዓመታት ያጠኑ ሰው ናቸው። ብራውን ራሳቸው በልጅነታቸው ማንበብ እጅግ ያስቸግራቸው እንደነበረና አጣርተው ማንበብ የቻሉት በ13 ዓመታቸው እንደሆነ ይነገራል፤ ይህን ሳውቅ ለደካማ አንባቢ ያሳዩትን ትዕግሥት ይበልጥ ተረዳሁት።

ለጥናቱ የተመረጡት የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የተመረጡበት መስፈርት የእኛን ተማሪ በደንብ ያስታውሳል፤ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ በበቂ ፍጥነትና ያለ ብዙ ስህተት ያነባሉ፣ አንብቦ የመረዳት ውጤታቸው ግን ከክፍል ደረጃቸው ከሁለት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። ለእነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር፤ ለእኛ ተማሪ ግን አይደለም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

በየቀኑ ለ30 ደቂቃ፣ በጠቅላላው ለ20 የትምህርት ቀናት የተካሄደው ሥራ አራት ተግባራት ነበሩት። ተማሪዎቹና መምህሯ አንዱን አንቀጽ ለየብቻቸው በዝምታ ያነባሉ። ከዚያ የዚያን አንቀጽ መሪነት የያዘው ሰው፣ መምህሯም ትሁን ተማሪ፣ አንድ መምህር ሊጠይቀው የሚችል ዓይነት ጥያቄ ለጓደኞቹ ያቀርባል፣ አንቀጹን በአጭሩ ያጠቃልላል፣ ግልጽ ያልሆነ ቃል ወይም ሐሳብ ካለ አንስቶ እንዲብራራ ያደርጋል፣ ቀጣዩ አንቀጽ ስለ ምን ሊሆን እንደሚችል ይተነብያል። ሌሎቹ ይመልሳሉ፣ ያርማሉ፣ ይጨምራሉ። ለቀጣዩ አንቀጽ መሪነቱ ወደ ሌላው ይዞራል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ክብደቱ ያለው የመምህሯ ድርሻ ከቀን ወደ ቀን በሚለወጥበት መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መምህሯ አራቱንም ተግባራት ራሷ እየሠራች፣ ስታስብ የሚታያትን ጭምር ድምፅ አውጥታ እየተናገረች ታሳያለች። ተማሪው ተራው ደርሶ ሲያቅተው ጥያቄውን ትጀምርለታለች፤ እሱም ካልሆነ ሙሉውን ትሰጠውና እንዲደግመው ታደርጋለች። ልጁ እየቻለ ሲመጣ እርዳታዋን እየቀነሰች፣ በመጨረሻ ከአንድ አድማጭ ብዙ የማትለይ ትሆናለች። የዚህ አሠራር መነሻ የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ምሁር ቪጎትስኪ ልጅ ዛሬ በሌላ ሰው እርዳታ የሚሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል ሲል ያስቀመጠው ሐሳብ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

የአንድ ልጅ ጥያቄዎች

በጽሑፉ ቻርልስ ተብሎ የተጠራው ልጅ ጉዳይ ከስታቲስቲክሱ ይልቅ ብዙ ያስተምራል። በመጀመሪያው ቀን የተነበበው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ስለሚገኙ መርዛማ እባቦች ነበር። ቻርልስ ጥያቄ እንዲያወጣ ሲጠየቅ ከአንቀጹ ያስታወሳቸውን የእባብ ስሞች ደረደረ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቆመና በትክክል እየሠራ እንዳልሆነ ራሱ ተናገረ። መምህሯ "ለምን" በሚል ቃል የሚጀምር ጥያቄ እንዲሞክር ሐሳብ ሰጠችው፤ ዝም አለ። ጥያቄውን አውጥታ ሰጠችው፤ ሲደግመው አዛባው። ደግማ ሞከረችው፤ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ ቃል በቃል እሷን ተከትሎ ሲለው አመሰገነችው።

በዚያች ቅጽበት ብዙዎቻችን የምናደርገውን እናውቃለን። ተራውን ለሌላ ተማሪ ሰጥተን እናልፋለን። እሷ ግን አላለፈችም። በአራተኛው ቀን ቻርልስ ጥያቄውን ጀምሮ መሃል ላይ ጠፋበት፣ ትንሽ ስትረዳው ወደ ትክክለኛው ተጠጋ። በሰባተኛው ቀን ስለ እሳተ ገሞራ ካነበበው አንቀጽ ራሱ ጥያቄ አወጣ፤ የጎደለው የመነሻ ቃሉ ብቻ ስለነበረ አንድ ጥቆማ በቃው። በአሥራ አንደኛው ቀን ነፍሳት ስለሚበሉ ዕፅዋት ሁለት ደህና ጥያቄዎችን በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ፤ የመምህሯ እርማት አንድ በአንድ እንዲጠይቅ መንገር ብቻ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሳይንቲስቶች ለጥናት ወደ ደቡብ ዋልታ የሚሄዱት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። የአንቀጹ ዋና ሐሳብ ያ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ቻርልስ የተማረው ጥያቄ ማውጣትን ብቻ እንዳልሆነ ነው። አንድ ሰው ከአንቀጽ ውስጥ ተገቢውን ጥያቄ ለማውጣት በአንቀጹ ውስጥ ዋናውን ከተጓዳኙ መለየት አለበት፤ ካልገባው ጥያቄው ራሱ ያጋልጠዋል። የዝምታ ንባብ የሚሸፍነው አለመረዳት በጥያቄው መልክ ወደ አደባባይ ይወጣል፣ ሲወጣም መምህሩም ጓደኞቹም የት ላይ እንደተሰናከለ ያዩታል። ተማሪው የተጻፈለትን ጥያቄ ብቻ ሲመልስ ኖሮ ቢሆን ይህ አይታይም ነበር።

ተመራማሪዎቹ ይህን በማነጻጸሪያ ቡድን ፈትነውታል። ሌሎች ተመሳሳይ ልጆች እነዚያኑ ምንባቦች እያነበቡ የተሰጣቸውን ጥያቄዎች መልስ ከምንባቡ ውስጥ እንዴት ፈልገው እንደሚያገኙ በመምህር እርዳታ ተለማመዱ። ይህ በየዕለቱ በክፍላችን የምናደርገው ነው ማለት ይቻላል። እነዚህ ልጆች ያሳዩት ለውጥ በውይይት ከተማሩት ጋር የሚወዳደር አልሆነም። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ዜና ይህ ነው።

ውጤቱና ወሰኑ

የልጆቹ ዕድገት የተለካው በውይይቱ ውስጥ በሚናገሩት ብቻ አልነበረም። በየቀኑ እያንዳንዱ ተማሪ ሌላ አዲስ ምንባብ ለብቻው አንብቦ፣ ምንባቡን ሳያይ አሥር ጥያቄዎችን ይመልስ ነበር። ሲጀምሩ አብዛኞቹ ከግማሽ እጅግ ያነሰ ያመጡ የነበሩት ልጆች፣ ሲጨርሱ አብዛኞቹ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ቻሉ፤ ይህም ደህና የሚባሉ አንባቢዎች የሚያመጡት ነው። ከስምንት ሳምንት በኋላ ሲፈተኑም ለውጡ በአብዛኛው ጸንቶ ተገኝቷል። በውይይቱ መጀመሪያ ላይ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዙት ማጠቃለያዎች 11 በመቶ ብቻ የነበሩ ሲሆን በመጨረሻዎቹ ቀናት 60 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው ጽሑፍ የቀረበው ሁለተኛው ጥናት ሥራውን በመጀመሪያው ራሷ ካስተማረችው ተመራማሪ እጅ አውጥቶ ለትምህርት ቤት መምህራን፣ ከጥንድ ተማሪዎችም ወደ አነስተኛ ቡድኖች አሸጋገረው፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ ሆነ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልኩ በላይ ማግነን አይገባም። ሮዘንሻይንና ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1994 በዚህ ዘዴ ላይ የተሠሩ 16 ጥናቶችን ሲመረምሩ፣ ተመራማሪዎች ራሳቸው ባዘጋጁት ፈተና የታየው ለውጥ መካከለኛ መጠን 0.88 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት በተለምዶ ከአማካዩ የሚርቅበት ልክ) ሲሆን በመደበኛ ፈተና የታየው ግን 0.32 ሆኖ አግኝተውታል። ሁለተኛው ቁጥር ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም፤ አገር አቀፍ ፈተና ላይ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ግን በዚህ ቁጥር ሊመዝነው ይገባል።

እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ልጆች ይሠራል ወይ ለሚለው፣ ጃኔት ክሊንግነርና ሻሮን ቮን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት በቀጥታ ይመለከተናል። ተማሪዎቹ የመማር ችግር ያለባቸው፣ በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ 26 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ ለ15 ቀናት ከተመራማሪዋ ጋር አራቱን ተግባራት በጥልቀት ተማሩ። ከዚያ በኋላ ገሚሶቹ በእኩዮቻቸው ቡድን ሲሠሩ ገሚሶቹ ታናናሾቻቸውን አስተማሩ። በሁለቱም መንገድ አንብቦ የመረዳት ውጤታቸው ተሻሻለ፤ ከፍተኛው ለውጥ የታየው ግን ከአዋቂ ጋር በሠሩባቸው በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ነው። ሲጀምሩ የተሻለ የንባብና የመናገር ችሎታ የነበራቸው ልጆችም ይበልጥ ተጠቅመዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ዘዴውን አሻሽለው ለብዙ ተማሪዎች ክፍል በሚስማማ መልክ አዘጋጁት፤ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንዱ መሪ፣ አንዱ ያልገቡ ቃላትን ተከታታይ፣ አንዱ ተራ አስጠባቂ፣ አንዱ አበረታች፣ አንዱ ለክፍሉ ዘጋቢ ሆኖ ይመደባል።

ይኸው የተሻሻለው ዘዴ በኦክላሆማና በቴክሳስ በ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በሰፊው ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲታተም ግን በንባብ ግንዛቤ ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም። በክፍል ውስጥ በተደረገው ምልከታ የዘዴውን ዋና ዋና ክፍሎች ሁሉ ሲተገብሩ የተገኙት ከአምስት መምህራን አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። መምህራኑን ለመውቀስ አልፈልግም፤ በአጭር ሥልጠና ተነስቶ ይህን ያህል የተወሳሰበ ውይይት ማካሄድ ቀላል አይደለም። ከዚህ የምረዳው፣ ቡድኑ በወረቀት ላይ ሲዋቀርና በእውነት ሲሠራ ያለው ልዩነት ሰፊ መሆኑን ነው።

ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ

በአንድ ለአምስት አደረጃጀትና በኢሊኖዩ ቡድን መካከል ያለው ዋና ልዩነት የመሪነቱ ጉዳይ ነው። በእኛ አሠራር መሪነት የውጤት ሽልማት ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰየመው ልጅ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ፣ አንዳንዴም ዓመቱን ሙሉ መሪ ነው። እነ ፓሊንክሳር ግን መሪነቱን የመማሪያ መሣሪያ አደረጉት። ጥያቄ የሚያወጣው፣ የሚያጠቃልለው፣ "ይህ አልገባኝም" የሚለው ሰው እየተማረ ስለሆነ መሪነቱ በተለይ የሚያስፈልገው ለደካማው ተማሪ ነው። በእኛ ቡድን ውስጥ በየቀኑ የሚለማመደው ጎበዙ ልጅ ነው ማለት ነው፤ እሱም በርግጥ ይሻሻላል። የቀሩት አምስቱ ግን የማንበብን ዋና ሥራ ለእሱ አስረክበው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ልዩነት የመምህሩ ቦታ ነው። "በቡድናችሁ ተወያዩ" ብሎ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ መቆም ተማሪዎቹ መወያየትን ቀድሞ እንደሚያውቁ መቁጠር ነው። የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ጉዳይ የሚያሳየው ቡድኑ ራሱን ችሎ ከመቆሙ በፊት ከመምህር ጋር ብዙ መሥራት እንዳለበት ነው። ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ክብደቱን ለመቀነስ የሚቻልበት አንዱ መንገድ መጀመሪያ ክፍሉን በሙሉ እንደ አንድ ቡድን ይዞ፣ መምህሩ ሁለትና ሦስት አንቀጾችን ራሱ እየመራ፣ ከዚያ አንድ ቡድን በክፍሉ ፊት እየሠራ ሌላው እንዲመለከት ማድረግ ነው። ወደ ትናንሽ ቡድኖች መከፈሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምዕራፉን ለመጨረስ ያለብን ጥድፊያ ይህን እንደማይፈቅድ የሚከራከሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ ተማሪው ሳይገባው የተጠናቀቀ ምዕራፍ ግን ተጠናቀቀ ለማለት ይከብደኛል።

በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት በሰሜን ተራሮች ስለሚኖረው ዋልያ የሚናገር አንድ አጭር የእንግሊዝኛ አንቀጽ እንውሰድ። አንቀጹ ዋልያ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ እንደማይገኝ፣ ቀጥ ባለ ገደል ላይ እንደሚኖርና የእርሻ መስፋፋት መኖሪያውን እንዳጠበበው ይናገራል እንበል። ተራው የደረሰው ተማሪ መጀመሪያ የሚያወጣው ጥያቄ ዋልያ የት ይኖራል የሚል ይሆናል፤ መልሱ አንድ ቃል ነው፣ ጓደኞቹም ሳያስቡ ይመልሱታል። መምህሩ እዚህ ላይ "ለምን" በሚለው ቃል እንዲጀምር ቢጠቁመው፣ የዋልያ መኖሪያ የጠበበው ለምንድን ነው ወደሚለው ጥያቄ ይሄዳል፤ ለዚህ መልስ ለመስጠት ደግሞ የአንቀጹን መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር ማያያዝ ግድ ይላል። "ስቲፕ" (ቀጥ ያለ) የሚለው ቃል ያልገባት ተማሪ ካለች መዝገበ ቃላት ከመግለጧ በፊት አጠገቡ ያለውን ገደል የሚለውን ቃል ይዛ ትገምታለች፣ ግምቷንም ለቡድኑ ታቀርባለች። ማጠቃለያው ሲደርስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ እያነበበ የሚሰጠውን ልጅ ጓደኞቹ መጽሐፉን ዝጋና ንገረን ሊሉት ይገባል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ምርጫ ጥያቄ ይነሳል። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ መናገር እንደ ጥፋት የሚቆጠርባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ውይይቱ ስለ እንግሊዝኛ ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ ተማሪዎቹ ያልገባቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢከራከሩበት፣ የደረሱበትን ጥያቄና ማጠቃለያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ቢያቀርቡ የሚበጅ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ ሲባሉ ዝም የሚሉት በትክክል ይህ ዘዴ የታሰበላቸው ልጆች ናቸውና ከጅምሩ ከውይይቱ ማስወጣት አይገባም።

የምንባቡ ክብደትም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የኢሊኖይ ልጆች የተመረጡት ፊደሉን አቀላጥፈው ማንበብ ስለቻሉ ነው። 9ኛ ክፍል ደርሶ የእንግሊዝኛ ቃላትን እየቆጠረ የሚያነብ ተማሪ በየመስመሩ አምስትና ስድስት እንግዳ ቃል ከገጠመው አራቱ ተግባራት ብቻቸውን አያድኑትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ ቀለል ያለ ጽሑፍ፣ አስፈላጊ ከሆነም የታችኛው ክፍል መጽሐፍ መጠቀም ያስፈልጋል፤ ጎን ለጎንም የቃላት ትምህርቱ መቀጠል አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ ማርክን ይመለከታል። ለቡድን ሥራ አንድ የጋራ ማርክ ሲሰጥ ሁሉም የመሪውን መልስ ይጠብቃል፤ ማንንም በስንፍና መክሰስ አይቻልም፣ አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይመራቸዋል። በኢሊኖይ ግን ውይይቱ የጋራ ሆኖ ልኬቱ የግል ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ አዲስ ምንባብ ብቻውን አንብቦ ይመልሳል። በእኛም ክፍል ከቡድን ውይይቱ በኋላ ተማሪዎች ያልተወያዩበትን አንድ አጭር አንቀጽ ለየብቻ አንብበው፣ መጽሐፉን ዘግተው ሁለትና ሦስት ጥያቄ እንዲመልሱ ቢደረግ ለተከታታይ ምዘናው የሚያስፈልገው ማርክ ከዚያው ይገኛል። ወረቀቶቹን በየሳምንቱ ማረም አድካሚ ነው፤ በተራ በተራ የአንድ የአንድ ቡድንን ወረቀት ብቻ ሰብስቦ ማረም ግን ይቻላል፣ የትኛው ቡድን በእርግጥ እየሠራ እንደሆነም ለማወቅ ይበቃል።